ታንኳ እንኳ ማታ ከውሃ ይወጣል

(ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሠራተኞችና የጣና ሐይቅ ዳርቻ ነዋሪዎች በተሰባሰቡበት መድረክ የተደረገ ንግግር። ከተቀዳው ድምፅ እንዳለ የተጻፈ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ! እሰይ። እግዚአብሔር ይመስገን።

በመጀመሪያ ከገዳማቱ የመጣችሁ አባቶቼ፣ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ የወደቡ ልጆች፣ ከከተማው የመጣችሁ እንግዶች፣ ስላከበራችሁኝ ክብረት ይስጥልኝ። ይህን ማይክ ትንሽ አርቁልኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በሞተር ድምፅ ላይ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማይክ ከተጨመረበት ድምፄ ዘጌ ይደርሳል። (ሳቅ)

የተሰጠኝ ርእስ «የወደባችን ትናንትና ዛሬ» ይላል። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ስለ ውሃው። ሁለተኛ ስለ ሞተሩ። ሦስተኛ ስለ ዳርቻው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። ሁለቱ መንገድ ናቸው። አንተ ሰዓት የያዝከው ልጅ፣ እንደዚያ አትየኝ፤ ጀልባም ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ መሞቅ አለበት።

ከመጀመሬ በፊት ግን አባቴን ላንሳ። አባቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ እያመጣ ባሕር ዳር ገበያ ይሸጥ ነበር። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙያው የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ሙያ ነው። ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስሳሳት ያርሙኝ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ላይ ካደረ ይከብዳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ስለዚህ አባቴ ማታ ማታ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ዳር ላይ ያቆመዋል። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፣ ከውሃ አልወጣም። ጀንበር ጠልቃም እዋኛለሁ። አባቴ ከዳር ቆሞ «አንተ ልጅ! ታንኳ እንኳ ማታ ከውሃ ይወጣል፣ አንተ ምነው?» ይለኝ ነበር።

ይህን ያዙልኝ። ወደ ውሃው ልግባ።

ጣናን ከሩቅ ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ጣና ምጣድ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በብዙ ቦታ ከዳር ገብተህ፣ ገብተህ፣ ገና ወገብህ ነው። ምጣድ ላይ ያለ ውሃ ደግሞ ትንሽ ሲነካ ይናወጣል። ጠዋት መስታወት መስሎ ያየኸው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ አታውቀውም። ማዕበሉ አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አባቶቻችን ሌሊት ተነስተው የሚቀዝፉት ለዚህ ነው። እኛም እንግዳውን «2 ሰዓት ላይ ካልመጣህ» እያልን የምንጨቃጨቀው ለዚህ ነው። እንግዳው ግን እንቅልፍ የከለከልነው ይመስለዋል።

ሌላም ጠባይ አለው። ውሃው ልኩ አንድ አይደለም። ክረምቱ ሲያልፍ በመስከረም ይሞላል። ከዚያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ግንቦት ማለቂያና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይወርዳል። በላይና በታች መካከል ያለው ልዩነት በደህናው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ሜትር ተኩል! የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ይህችንም ቁጥር ያዙልኝ። በኋላ እፈልጋታለሁ።

በደህናው ዓመት ነው ያልኩት። 1995ን የምታስታውሱ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ፀጉሩ ያልሸበተ አንድም ሰው እጁን አላወጣም። (ሳቅ)

ጨረጨራ ላይ የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው ግድብ በ1988 ተሠርቶ ነበር። ውሃው ለጢስ ዓባይ መብራት ይለቀቃል። በዚያ ላይ ዝናቡ አነሰ። ሐይቁ ወረደ፣ ወረደ፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተለካው ሁሉ በታች ወረደ። መርከቦቹ ለወራት ቆሙ። የደቅ ደሴት ሰው፣ የጎርጎራ ሰው፣ የቁንዝላ ሰው መንገዱ ተዘጋበት። እኛ ትንንሾቹ ጀልባዎች ብቻ ቀረን። እኛም ብንሆን መውረጃው ጋ መድረስ አልቻልንም። መውረጃው ጭቃ ላይ ቆሟል፤ ውሃው ወዲያ ሸሽቷል። ምን እናድርግ? ሰው በጀርባችን ተሸከምን።

አንዲት የደቅ አሮጊት አዘልኩ። በአንድ እጃቸው አንገቴን፣ በሌላው ዶሮ ይዘዋል። ጭቃው ጉልበቴን ዋጠው። ዶሮዋ ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች። ጀልባው ላይ ሳደርሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ሒሳቡን ለጀልባው ነው የምከፍለው ላንተ?» አሉኝ። (ሳቅ) ከምር ነው የጠየቁኝ። እኔም ለጀልባው አልኳቸው። ዛሬ ቢሆን ሁለቱንም እቀበል ነበር።

ስለ ውሃው ይበቃኛል።

ሁለተኛው ሞተር ነው። በዚህ ላይ ብዙ የምታውቁ ልጆች ስላላችሁ አጥፍቼ የተማርኩትን ብቻ ልንገራችሁ።

ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ዓሣ ሥራ የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ከሚደርስበት አያልፍም። ሞተር ሲመጣ ሐይቁ ጠበበ። እኔም ረዳት ሆኜ የገባሁት ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ገመድ መያዝ፣ ውሃ መቅዳት፣ «ና ወዲህ» ሲሉኝ መሮጥ። ደመወዜ ቀረሶና አምባዛ ነበር። ከካፒቴኑ ጋር የተስማማሁ ቀን ነጭ አሳ።

እና አንድ የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ ከዘጌ ምእመናን ይዤ ስመለስ ሞተሩ ተኛ። በዚያን ጊዜ ራሴ ነጂ ሆኛለሁ። 14 ሰው ይዣለሁ። 9 ሰዓት ነው፤ ንፋሱ ተነስቷል። ገመዱን ሳብኩ። ሳብኩ። ሳብኩ። ምንም። ለካ ጠዋት መንገድ ዳር በጀሪካን የገዛሁት ቤንዚን ውሃ ነበረው። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ሳላጣራ ነው የሞላሁት። ትርፍ ካንዴላውስ? ቤት። መቅዘፊያውስ? እሱም ቤት፤ ቦታ ይይዛል ብዬ። የላይፍ ጃኬቱስ? የላይፍ ጃኬቱ አለ። እንዳይሰረቅ ብዬ በገመድ ጠፍሬ ከመቀመጫ ሥር አስሬዋለሁ። ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፤ አልፈታ አለኝ። ያን ቀን የገዛ ቋጠሮዬን በጥርሴ ስነክስ የነበረውን ፊቴን ብታዩት!

ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። ውሃ መግባት ጀመረ። ሴቶቹ «እመቤቴ» እያሉ ነው። በዚህ መሃል ማን መጣ? አንድ እንጨት የጫነ ታንኳ። ሰውዬው አያ ብለን የምንጠራው ሽማግሌ ነው። ቀረበና ሁለት ረጃጅም ሽመል ወረወረልኝ። «አፍንጫውን ወደ ንፋሱ መልስ» አለ። መለስን። ጀልባው ማዕበሉን በፊቱ ሲቀበል መናወጡ ቀነሰ። ሌላ ሞተር ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን ድረስ አጠገባችን ቆየ። ሊሄድ ሲል አየኝና «መቅዘፊያ አልያዝክም?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቼ፣ እለምናችኋለሁ። ሁለት መቅዘፊያ ያዙ። ቤንዚኑን አጣሩ። ላይፍ ጃኬቱን እንግዳው ላይ አልብሱት፤ ፎቶ ያበላሽብኛል ቢልም አልብሱት። እናንተ ደግሞ የማትለብሱት ለምንድነው? ዋናተኛ ስለሆናችሁ? እኔም ዋናተኛ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ስንቱን ይዤ እንደምዋኝ ስቆጥር ነበር።

ስለ ሞተር አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። እምቦጭ። ከ2004 ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ የሚሄድ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዉ ፕሮፔለሩን መጠምጠሙን ብቻ ነው የሚያወራው። የባሰውን ልንገራችሁ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ከታች ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ሥሩና ጭራሮው ከደፈናቸው ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል። ከኋላ የምትረጭ ቀጭን የውሃ ክር አለች አይደል? ዓይናችሁ እሷ ላይ ይሁን። እሷ ከቆመች አጥፉ። «ትንሽ ልግፋና» የሚባል ነገር የለም። ትንሽ የገፋ ሰው ሞተር እኔ ጋ ሲመጣ ውስጡ ተጣብቆ ነው። ገበሬውማ እምቦጩን በእጁ ሲነቅል፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲውል አይቻለሁ። እኛ ሞተር አለን ብለን ስናማርር አፍሬያለሁ።

እሺ። ሦስተኛው። ዳርቻው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የወደባችን ዋናው ቦታ የትኛው ነው? መውረጃው ነው? ትኬት መቁረጫው ነው? ሁላችሁም ዋርካው ሥር ሻይ የምታፈላዋን እናት እያሰባችሁ ነው፣ አውቃለሁ። (ሳቅ፣ ጭብጨባ) እውነት ነው። ቁልፍ እሷ ጋ ይቀመጣል። የእቁብ ብር እሷ ጋ ነው። ማን ወጣ፣ ማን አልተመለሰም የሚለውን የምታውቀው እሷ ናት። ብዙ ዓመት ደሴቱ ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳም በዓይኗ እያየች ኖራ አንድ ቀን አልረገጠችውም፤ ለሴት አይፈቀድም። ጧፏን በእኛ ትልካለች። ስንመለስ «በራ?» ትለናለች። በራ እንላታለን። መዝገብ ያለው ቢሮ ከእሷ አይበልጥም።

የኔ መልስ ግን ሌላ ነው። ዋናው ቦታ ያቺ የጭቃ ተዳፋት ናት። ከመውረጃው ወዲያ ያለችው፣ ቆሻሻ የምትመስለው፣ አሮጌ ጎማና የባሕር ዛፍ ግንድ የተከመረባት። ጀልባ የምናወጣባት።

አንድ ጊዜ ከሆላንድ የመጣ ሽማግሌ ይዤ ወጣሁ። አገሩ ያት አለው፤ ሸራ ያላት ትንሽ ጀልባ። ገዳሙን አየ፣ ስዕሉን አየ፣ ደስ አለው። ስንመለስ ግን ሆቴሉ አልገባም። ተዳፋቷ ላይ መጥቶ ቆመ። የተገለበጠ ጀልባ እየፋቅን ነበር። ኮቱን አወለቀና ከእኛ ጋር መፋቅ ጀመረ! በአስተርጓሚ ስናወራ እንዲህ አለን። በእኛ አገር ብርዱ ሲገባ የትንሽ ወደብ ጀልባ ሁሉ በክሬን ከውሃ ይወጣል። ሆዱ ይታጠባል። ቀለም ይቀባል። ጨርቅ ለብሶ ደረቅ መሬት ላይ ይከርማል፤ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳል። በባሕር በኩል ያሉት ደግሞ ሆዳቸው ላይ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር ይጣበቅባቸዋል፤ እሱን የሚከላከል ልዩ ቀለም አላቸው። የእኛ ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ የሚይዘን አረንጓዴው ሙልጭልጭ ብቻ ነው። «ታድላችኋል» አለን። ክሬናችሁስ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ጀልባ ጎትቶ የሚያወጣውን ሃያ ልጅ አሳየሁት። (ሳቅ)

እኔ ያን ቀን የገረመኝ ሌላ ነው። እኛ ያት የሀብታም ጨዋታ ነው እንላለን። ሰውየው ግን የሚያወራው ስለ ማውጣት፣ ስለ መፋቅ፣ ስለ ማድረቅ ነው። አባቴ የሚያወራውን ነው የሚያወራው።

ጀልባችን ፋይበር ነው። ፋይበር ሲሰነጠቅ ውሃ ይጠጣል። እርጥብ ፋይበር ላይ ማጣበቂያ ብታፈስበት አይዝም፤ በሳምንቱ ተላቅቆ ይወድቃል። ስለዚህ መውጣት አለበት። መገልበጥ አለበት። ፀሐይ ላይ ቀናት መክረም አለበት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ከዚያ ይለጠፋል። ከደንገሉ በምን ተለየ? እንደዚያው ነው።

ደግሞ ያለፉትን ዓመታት አስቡ። በ2012 ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዳ ቀረ። ጀልባው ቆመ። ሰው የቆመ ጀልባ የሚያርፍ ይመስለዋል። ቆሞ ነው የሚታመመው። ቤንዚኑ ካርቡራተር ውስጥ ሙጫ ይሆናል። ገመዱ ይበሰብሳል። ሆዱ አረንጓዴ ይለብሳል። በእነዚያ ወራት የተረፉት ጀልባዎች የትኞቹ ናቸው? ተዳፋቷ ላይ የወጡት ናቸው። አንዳንድ ልጆች ባጃጅ ገዝተው ሄዱ፣ አልፈርድባቸውም። ጀልባቸውን ግን አውጥተው ነው የሄዱት። ሲመለሱ ጀልባ አገኙ።

አሁን ከተማችን እያማረች ነው። በ2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፈተ፤ 380 ሜትር ነው፣ ማታ ሲበራ ቆሜ አየዋለሁ። ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ሪዞርት ተሠራላት። በ2017 ጣናነሽ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላት። እኔም አለቀስኩ። ምን አስለቀሰህ አትበሉኝ። መርከብ አስፋልት ላይ ስትሄድ አይቼ አላውቅማ! የሐይቁ ዳርም የእግር መንገድ፣ ወንበር፣ መብራት እየለበሰ ነው። ሰው ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ ይናፈሳል። ይህን የሚጠላ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ግን። ዳርቻ ሲያምር መጀመሪያ የሚሠራው ምንድነው? ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው። ቀጥ ያለ ግንብ ለዓይን ደስ ይላል። አሁን ያቺን አንድ ሜትር ተኩል አምጡልኝ። በመስከረም ውሃው የግንቡ አፍ ጋ ይደርሳል፤ ጥሩ ነው፣ እንግዳው ረግጦ ይገባል። በግንቦትስ? ጀልባው ከታች ነው፣ እንግዳው ከላይ ነው። እናቴን በምን ላወርዳቸው ነው? እንደገና በጀርባዬ? ዕድሜዬ ሄዷል። በዚያ ላይ ማዕበል ግንብ ሲመታ ተመልሶ ይመጣል፤ የታሰረውን ጀልባ ከግንቡ ጋር ሲያላትመው ያድራል። ተዳፋት ግን ማዕበሉን ያደክመዋል። ውሃው ከፍ ቢል ተዳፋት ነው፤ ዝቅ ቢል ተዳፋት ነው። ያለ መሰላል፣ ያለ ክሬን ያገለግላል።

ከከተማው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እናንተን ነው የምለው። ግንቡን ሥሩ። መብራቱን ትከሉ። አበባውን ትከሉ። አንድ ጥግ ግን ተውልን። ሃያ ሜትር ስፋት ይበቃናል። ሲሚንቶ ብታለብሱት እሰየው፣ አንሸራተትም። ባታለብሱትም በጭቃው እንኖራለን። አታስውቡት አላልኩም፤ አታቅኑት ነው የምለው። ዘይትና ፍቅፋቂ ሐይቁ ውስጥ ይገባል ካላችሁ እውነት ነው፣ እሱ የኛ ጥፋት ነው። በርሜል እናስቀምጣለን፣ እኔ ራሴ እጠብቃለሁ። የሚናፈሰው ሰውም ቆሞ ሲሠራ ይይ። የሆላንዱ ሽማግሌ ከስዕሉ ይልቅ የቆመው እዚያ አይደል?

ሰዓት የያዝከው ልጅ፣ አይቼሃለሁ። ጨረስኩ።

አንድ ማስታወቂያ ብቻ አለኝ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ጀልባ እናወጣለን። ረጅሙን ነው፣ ሆዱ ተሰንጥቋል። ግንዱ ተዘጋጅቷል፣ ገመዱ አለ። ሃያ ሰው ያስፈልጋል፤ እስካሁን የቆጠርኩት አሥራ ሦስት ነው። ከከተማው የመጣችሁትም ሱሪያችሁን ጠቅልላችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ሻዩን እናታችን ታፈላለች። ሒሳቡ ለጀልባው ነው። (ሳቅ፣ ጭብጨባ)